ዝምታውን ተርጉም

ሶቪየት ኅብረት ዘጠኝ ወር ቆይቼ ስመለስ ይዤ የመጣሁት የትራክተር ጥገና ምስክር ወረቀትና አንገት የሚበላ ካፖርት ነው። ጉለሌ ውስጥ ትራክተር አልነበረም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን «ሩስኛ ታውቃለህ» ብለው የእሁድ ፊልም አስተርጓሚ አደረጉኝ። የማውቀው ሩስኛ «ብሎኑን አጥብቀው» እና «ሾርባ ጨምሩልኝ» ነበር። ይህን ደፍሮ ማን ይነግራቸዋል?

ፊልሙ የሚታየው በቀበሌው አዳራሽ፣ ግድግዳ ላይ በተቸነከረ አንሶላ ነው። የእንጦጦ ነፋስ በተሰበረው መስኮት ሲገባ የተዋናዮቹ ሆድ ይነፋል። መቅረት አይቻልም፤ ስም ይጠራል።

አንድ እሁድ የመጣው ፊልም ስለ አንድ የጠፈር ሰው ነበር። መንኮራኩር ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ በሬዲዮ ምድርን ይጣራል፤ የሚመልስለት የለም። ከዚያ ዝም ይላል። በመስኮት ያያል። ዳቦ ይቆርሳል። ደግሞ ዝም። እኔ ደስ አለኝ፤ የማይናገር ሰው መተርጎም አይከብድም።

«ጓድ፣ ተርጉም እንጂ!» አሉ ሊቀመንበሩ ከፊት ወንበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዝም ብሎ እኮ ነው።»

«ሰፊው ሕዝብ የዝምታውንም ትርጉም የማወቅ መብት አለው። ተርጉም!»

ምን ላድርግ፣ ጀመርኩ። በመስኮት ሲያይ «የኅብረት እርሻችን ከላይ ሲታይ ያምራል» አልኩ። ዳቦውን ሲቆርስ «ስንዴው የራሳችን ነው» አልኩ። ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ጎረቤታችን እማማ ተቀምጠዋል። አንድያ ልጃቸው ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤው ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። እማማ ሌላ ጊዜ ፊልሙ ሲጀመር ይተኙ ነበር። ያን ዕለት አልተኙም። ሰውየው ለአምስተኛ ጊዜ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ብድግ አሉ።

«ኧረ በእመብርሃን! አንድ ሰው እንኳ አቤት አይለውም?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰውየው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አፌ ቀደመኝ።

«እናቴ፣ አታስቢ፤ ደህና ነኝ። መልእክቴ የዘገየው መንገዱ ርቆ ነው» አልኩ።

እማማ ተቀመጡ። ስንወጣ እጄን ያዙኝ።

«እውነት እንደዚያ አለ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አፍህ ይባረክ።»

አፈርኩ። ደስም አለኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ወዲያ እማማ በየእሁዱ ቀድመው መጥተው እኔ አጠገብ ይቀመጣሉ። የመጣው ፊልም የብረት ፋብሪካም ይሁን የድንች መከር፣ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ለእናቱ ደህና ነኝ ይላል። ሊቀመንበሩ «ሶቪየቶች እናታቸውን ሲወዱ!» አሉ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የልጃቸውን መሞት የሚገልጽ ወረቀት ቀበሌው ደረሰ። መርዶ ማልዶ ነውና ጎህ ሲቀድ ሰባት ሆነን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ በራቸው ላይ ቆምን። ሊቀመንበሩ «አንተ ንገራቸው፤ አንደበት አለህ» አሉኝ።

እማማ በሩን ከፈቱ። በየተራ አዩን። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ የዚያን ሁሉ እሁድ ቃል ፈለግሁ፤ አንድም አጣሁ።

እማማ ዓይናቸውን እኔ ላይ አሳረፉ።

«ሁሉም ዝም ብለዋል» አሉ። «ተርጉምልኝ እንጂ፣ ልጄ።»