የኩይሳው ኩርባ

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ እህቴ ማርታ ሁለት እጇን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አጋጥማ፣ ዓይኗን ከእጇ ሳትነቅል ቀስ እያለች ወደ ቤት ገባች። የያዘችው የማንጎ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ላይ ደግሞ ከባጃጅ ጋራዥ ለምና ያመጣችው ጥቁር ግሪስ ተቆልሏል። እናቴ «ወለሉን! ወለሉን አደራ!» እያለች መጥረጊያ ይዛ ስትከተላት፣ እኔ የማጠናውን ረስቼ ደብተሬን ከደንኩት። የተቃጠለ ግሪስና የተቀጠፈ የማንጎ ቅጠል አንድ ላይ ሲሸቱ፣ ግማሹ ብረት ግማሹ ሙጫ የሆነ፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሽታ አላቸው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። «በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ የምን ትዝታ?» የሚለኝ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ያንን ቅጠል ያሽትትና ከዚያ እንነጋገር።

«ጋሪ እየሠራሁ ነው» አለችኝ ማርታ። «እናንተ የት ነበር የምትነዱት?»

አባቴ ከወሎ በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ በተከራየው ቤት ዙሪያ፣ እዚሁ አሶሳ፣ መጋቢት ሲገባ ሁሉም ነገር ቀይ ይሆናል፤ አቧራው የግድግዳውን እግር፣ የዶሮዎቹን ላባ፣ የትምህርት ቤት ካልሲያችንን ያቀላዋል፣ ማንጎው ደግሞ ከየአጥሩ በላይ በስሎ እየከበደ ቅርንጫፉን ወደ መንገደኛው ጭንቅላት ያወርዳል። እኛ አገር ቀርከሃ አጥርም ነው፣ ወንበርም ነው፣ ጣሪያም ነው፤ ለኛ ለልጆቹ ግን ከሁሉ በፊት መኪና ነበር። የጋሪያችን አካል ከቀርከሃ ይታሰራል፣ ጎማው ከግንድ ተቆርጦ ዙሪያውን ያረጀ የባጃጅ ጎማ ቁራጭ ይመታበታል፣ መሪው ገመድና ሁለት እግር ነው፣ ፍሬኑ ደግሞ የሸበጥ ተረከዝ። በዚያ ወራት ከኋላ ያልተበላ ሸበጥ ያደረገ ልጅ ካየህ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ፈሪ ነው።

የወንዶቹ ውድድር ከውሃ ታንከሩ ሥር ተነስቶ እስከ ታችኛው ድልድይ ቀጥ ብሎ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። ቀጥ ያለ መንገድ ደግሞ ወሬ የለውም። ጋሪው ይገፋል፣ ይወርዳል፣ ያበቃል። የሚያሸንፈው ከባዱ ነው፤ ከባዱ ደግሞ ሁልጊዜ በረከት ነበር፣ የክፍላችን ልጅ፣ ቤተሰቦቹ ዳቦ ቤት ያላቸው፣ ጉንጩ ራሱ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ የተነፋ። ላይ የቆመ ተመልካች መነሻውን ብቻ ያያል፣ ታች የቆመው አቧራውን፣ መሃል የቆመው ደግሞ «ሽው» ሲል ሰምቶ ዞር እስኪል ነገሩ አልፏል። እኛ ሴቶቹ እንገፋ ነበር። ገፍተን፣ አቧራ ለብሰን፣ ጀርባቸውን እያየን እንቀር ነበር።

አንድ ቀን በረከትን ልንዳ አልኩት። ከልቡ ሳቀ። «ሴት ትገፋለች እንጂ አትነዳም!»

አጠገቤ ጓደኛዬ ሐዋ ነበረች፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ የበርታ ተወላጅ፣ እንደ ሸንበቆ ቀጭን፣ ምላሷ ከኔ ሐሳብ የሚቀድም። «አንተስ መቼ ነዳህ?» አለችው። «ዝም ብለህ ነው የምትወርደው። ድንጋይም ይወርዳል። ድንጋይ ሹፌር ይባላል?»

የራሱ ወገኖች ሳይቀሩ ሳቁበት። በረከት ጉንጩ ቀላና «ይሄ መንገድ የኛ ነው» አለ። «መንዳት ካማራችሁ የራሳችሁን መንገድ አምጡ፣ እዚያ ንዱ!» ለማሾፍ ነው ያለው። እኔ ግን እንደ ቃል ኪዳን ያዝኩበት። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ወንዶቹ ራሳቸው ጋሪያቸውን ተሸክመው የሚመጡበት መንገድ እሠራለሁ፣ እዚያ ላይ ደግሞ ከበረከት ጎን ለጎን እነዳለሁ፤ ይሄው ነው፣ አለቀ። ያን ማታ እራት ስበላ እንኳ በሽሮው ላይ በጣቴ ኩርባ ስስል አባቴ አየኝና «ልጄ፣ ወጡ ካርታ አይደለም» አለኝ።

የሐዋ አያት አባ ኢድሪስ ከሰፈሩ ጀርባ ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቅ የማሽላ ማሳ ነበራቸው፤ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ባዶውን ይከርማል። ዱሮ በበጋ እስከ መንጌ እየሄዱ ወርቅ ያጥቡ የነበሩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማያውቁ ሰው ነበሩ አሉ፤ በዚያ ዓመት ግን ማንጎ ሊያወርዱ ወጥተው ከዛፉ ወድቀው እግራቸው ስለተሰበረ፣ ማሳው ራስጌ ካለው ከዚያው ከጣላቸው ዛፍ ሥር የገመድ አልጋቸውን አስወጥተው ቀኑን ሙሉ ይጋደሙ ነበር። ዛፉን ይቀየሙት ይታረቁት አላውቅም። አማርኛቸው እንደ ልባቸው ነው፤ ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነበር።

«አንተ የመምህሩ ልጅ፣ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። በእንጨት መሬቱ ላይ እየሳልኩ አስረዳኋቸው። ረጅም ጊዜ ሥዕሉን አዩና «ይሄ ሩጫ፣ እኔ እዚህ ተኝቶ ያየዋል?» አሉ።

«ትሰማዋለህ፣ አባ» አለች ሐዋ።

«መስማት? መስማት እኔ ጠግቧል! መኪና ይሰማል፣ ሠርግ ይሰማል፣ የጎረቤት ጠብ ይሰማል። ኸላስ፣ በቃ! ማየት ካለ መሬቱ ያንተ ነው። ማየት ከሌለ ሂድ፣ ቤትህ ተጫወት።»

ውሉ ይሄ ነበር። ስለ ውድድር መንገድ የማውቀው ነገር ሁሉ ከዚያ አልጋ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ሥራችን ግን ትልቅ ቂልነት ነበር። ዋናውን ኩርባ ከማንጎው ሥር አሳለፍነው፤ ለነጂው ጥላ ይሆነዋል፣ ለአባ ኢድሪስም ቅርብ ነው ብለን። በመጋቢት ወር፣ በበሰለ ማንጎ ሥር መንገድ የሚቀይስ ሰው በአሶሳ ምድር ከኛ በቀር የተፈጠረ አይመስለኝም። ሐዋ ለሙከራ ስትወርድ አንድ ማንጎ ትከሻዋ ላይ ጧ አለ፤ እሱን ስታይ ጎማዋ መሬት ላይ የፈረጠውን ሌላ ማንጎ ረገጠ፤ ጋሪው እንደ እንዝርት ሾረና ከአልጋው እግር ጋር ተላተመ፤ የውዱእ ማንቆርቆሪያው ተገልብጦ ውሃው አባ ኢድሪስ ደረት ላይ ፈሰሰ። እኔ ለመሮጥ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ሽማግሌው ግን አልጋው እስኪንቋቋ ሳቁ፤ እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሐዋ ሰምታ እንደማታውቅ በኋላ ነገረችኝ።

«ጥላ ለተቀማጭ ነው» አሉ ጢማቸውን እየጨመቁ። «የሚሮጥ ሰው ፀሐይ ይበቃዋል። ደግሞ በጣም ቅርብ መጣህ። ቅርብ ከሆነ ጎማ ብቻ ነው የሚታይ። ራቅ በል፣ ሁሉን ላይ!»

ራቅ አልን። ከማሳው መሃል ከኛ ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ነበር፤ ምስጥ የገነባው፣ ማረሻ ዞሮት የሚያልፍ። ለካ መንገዳችን ሲጠብቀው የኖረው እሱ ነው። ከላይ ተነስተን በአንዱ ጎን ወደ ታች ወርደን፣ ኩይሳውን ዞረን፣ በቀስታ ሽቅብ ወደ ማንጎው እንድንመለስ አደረግነው። ትልልቆቹ የቤታቸውን ወለል የሚመርጉት በኩይሳ አፈር መሆኑን እናውቅ ስለነበር ጎኑን እየፈረፈርን፣ ከወንዙ በጄሪካን ውሃ እያመላለስን፣ በባዶ እግራችን እየረገጥን ኩርባውን መረግነው፤ ሲደርቅ በጥፍር ቢቧጨር አይበገርም ነበር። የውጪውን ጠርዝ ከፍ አደረግነው፣ ጋሪው እንዳይገለበጥ። ከጠርዙ ባሻገር የማሽላ አገዳ ከመርን፣ የወጣ ልጅ አጥንቱ ሳይሆን አገዳው እንዲሰበር። የኩርባውን አፍ ደግሞ ሰፊ አደረግነው። ይሄ የኔ ሐሳብ ነበርና ሳልኮራ አላልፍም፦ ኩርባው ጠባብ ከሆነ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይወጣል፤ ሰፊ ከሆነ ግን ከኋላ ያለው «በውጪ ልዙር ወይስ በውስጥ ልግባ?» ብሎ ይመርጣል። መምረጥ ካለ መንዳት አለ። የመጨረሻዋ ዳገት የሐዋ ነበረች፤ «እዚህ ጋ ቀስ ሲሉ አባ ፊታቸውን ያያል» አለች።

ወንዶቹ መጀመሪያ በአጥር ቀዳዳ አዩ። በማግስቱ አጥሩ ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን በረከት ጋሪውን በራሱ ላይ ተሸክሞ መጣና፣ ማንንም ሳያይ፣ «አፈሩ ደረቅ ነው?» አለ። ደረቅ ነው አልኩት። «እንግዲህ እንሞክራ።» ሐዋ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ፤ እስከ ዛሬ ቦታውን አውቀዋለሁ።

የውድድሩ ቀን እሑድ ነበር፤ ወንዙ ማዶ ደመና መቋጠር ጀምሮ ስለነበር ሌላ እሑድ እንደማናገኝ ሁላችንም ገብቶናል። ማንጎው ሥር የሰፈር ሰው ሞላ፤ ልብስ ሊያጥቡ ወደ ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች ሳፋቸውን አስቀምጠው ቆሙ፤ አባቴ ሳይቀር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ፈተና የሚጠብቅ ይመስል መጣ። አባ ኢድሪስ ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው ዳኛ ሆኑ። ሐዋ ከኋላዬ ገፋችኝ፣ ሌላ ልጅ በረከትን ገፋው፣ ሄድን።

በቁልቁለቱ በረከት ክብደቱ ነዳውና ቀደመኝ፤ አቧራው ጥርሴ ውስጥ ገባ። ከፊቴ ኩይሳው ሲያድግ፣ ሲያድግ፣ ሰማዩን ሲሸፍን አየሁ። በረከት ፍሬን መያዝ አይወድም ነበር፤ ቀጥ ያለ መንገድ አላስተማረውማ። እንደዚያው እየከነፈ ገባና ወደ ውጪው ጠርዝ ተንሸራተተ፤ እኔ ተረከዜን መሬት ላይ ጫንኩ፣ ግራ እግሬን ገፋሁ፣ ኩይሳውን በትከሻዬ ልነካው ምንም እስኪቀረኝ ተጠግቼ በውስጥ በኩል ዞርኩ። ስወጣ ከፊቴ ሰው አልነበረም። ከማንጎው ሥር የተነሳው ጩኸት እስካሁን ከሰማሁት የልደት መዝሙር ሁሉ ይበልጣል። ግን በረከት አገዳው ውስጥ አልገባም፤ ያ ከፍ ያለ ጠርዝ፣ እኔው በእግሬ የረገጥኩት ጠርዝ፣ ይዞ መለሰው! ዳገቷ ላይ ትንፋሹን ከጎኔ ሰማሁ፤ መጨረሻው ላይ የዘረጋነውን ገመድ አንድ ላይ ያለፍን መሰለኝ።

ሁሉም ወደ አልጋው ዞረ። አባ ኢድሪስ ጣታቸውን አነሱና በረከትን ጠቆሙ። «እሱ። በቀርከሃ አፍንጫ።»

«አባ!» ብላ ጮኸች ሐዋ። «እኛ ሠርተነው? አንድ ቀን እንኳ ብታዳላ ምን አለበት?»

«የተሰበረው እግሬ ነው» አሉ። «ዓይኔ አይደለም።»

ጋሪዬን ወደ መነሻው አዞርኩ። «እንደገና!» አልኩ። በረከት ጉንጩን በአቧራ እጁ እየጠረገ አየኝ፤ ያሸነፈው እሱ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ ሊኩራራ የሚችለው እሱ፣ «እንደገና! ያንን ኩርባ እንደገና!» አለ። እስኪመሽ ነዳን፤ አንዴ እሱ አንዴ እኔ፣ ከዚያ ሐዋ፣ ከዚያ በሰልፍ የቆመው ሁሉ። ሴት ትነዳለች አትነዳም የሚለውን ወሬ ማን መቼ እንደጣለው እንጃ፤ መሽቶ ስንበተን ግን የሚያነሳው አልነበረም።

ዛሬ በስልኬ የመኪና ውድድር እከታተላለሁ፤ እናቴ «ለምን ፊዚክስሽን አትከታተዪም» ትላለች። በየአገሩ ባሕር ዳርቻ የተሠሩ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ የውድድር መንገዶች አያለሁ፤ አንዳንዶቹ ላይ መኪኖቹ ውሃ እንደሚወርዱ ፍየሎች ተከታትለው ይዞራሉ፣ የሚቀድም የለም፣ የሚቀደም የለም። ሌሎቹ ደግሞ አስፋልታቸው አርጅቶም አንድ እውነተኛ ኩርባ አላቸው፤ ነጂውን «ምረጥ!» የሚል፣ ሲሳሳት የማይገድለው፣ ከሩቅ የተቀመጠውን ሰው ደግሞ ብድግ የሚያደርግ። እኔ ሁሉንም የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አባ ኢድሪስ ከአልጋቸው ሳይነሱ ያዩታል?

እሳቸው አርፈዋል፤ እግራቸው ድኖ እንደገና መንጌ ደርሰው ከተመለሱ በኋላ። ሐዋ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ባምባሲ ሄዳለች፤ በስልክ እንሳሳቃለን፣ ግን በስልክ ማንም ጎን በክርን አይወጋም። በረከት ባጃጅ ይነዳል፤ መታጠፊያ ላይ ቀድሞ ፍሬን ሲይዝ ባየሁት ቁጥር «ማን አስተማረህ?» እለዋለሁ። እሑድ ዕለት ማርታን ይዤ ማሳውን ላሳያት ሄድኩ። ቤቶች ቆመውበታል፤ አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ አጥር። ማንጎው የለም። ኩይሳው ተደርምሶ የማን ሳሎን ወለል እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ከነበረበት የቀረው የመሬቱ ማዘቅዘቅ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያውቀው ጉልበቴ እንጂ ዓይኔ አልነበረም። ማርታ እጄን ይዛ «በቃ?» አለችኝ።

በቃ አልልም። ወንዙን ተሻገርን። ማዶ ሌላ ተዳፋት አለ፣ ያልታረሰ፤ መሃሉ ላይ ትንሽ፣ ገና በማደግ ላይ ያለ ኩይሳ ቆሟል። ማርታ እየሮጠች አናቱ ላይ ወጣችና «ከየት ነው የምንነሳው?» ብላ ጮኸች። ልንዳ ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ እንደሚጠየቅም አታውቅም። «ቆይ» አልኳት፤ ቁልቁለቱን ትቼ ጥላ ፍለጋ ዞርኩ። ከላይ፣ ከአንድ ጎጆ ደጅ፣ ከዛፍ ሥር አንዲት እናት ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍላሉ። ሄጄ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«እናቴ፣ ከዚህ ሆነው ያ ኩይሳ ይታይዎታል?»

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩ። «በደንብ። ምን አለ እዚያ?»

«ገና ምንም የለም» አልኳቸው። «መቀመጫዎን ግን እንዳያነሱት።»