አባቴና ካኪ የለበሱት መጻሕፍት
አባቴ ጨለማ ስለሚፈራ ሲኒማ ቤት ረግጦ አያውቅም። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ማንም ያላያቸው አስፈሪ ፊልሞች ወደ ልብ ወለድ የተቀየሩባቸውን መናኛ መጻሕፍት ሲለቃቅም የኖረው። ከብየዳ ሥራው ሲመለስ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ፊት ቁጢጥ ይልና ሽፋኑ ላይ ደም ወይም የራስ ቅል ያለበትን ይመርጣል። "ፊልሙ የትም የለም፤ የቀረው ይሄ ብቻ ነው" ይላል፣ ዘመድ እንደሚያስታምም ሰው።

እናቴ የራስ ቅሎቹን ማየት አልቻለችም። "ወይ እነሱ ወይ እኔ" ስትለው ሁሉንም እንደ ተማሪ ደብተር በካኪ ወረቀት ሸፈናቸው። ርዕስ አልጻፈባቸውም፤ አንስቶ በክብደታቸው ይለያቸዋል። ከእራት በኋላ ጮክ ብሎ ያነብላታል። ታሪኩ ውስጥ በር ሲጢጥ ሲል እሷ "በቃ፣ ተወው" ትላለች፤ መጨረሻውን ብቻውን ያነባል።

ከዚያ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የቤቱን መንገድ፣ ቀጥሎ የእኔን ስም። መጻሕፍቱን ግን አልተወም። ያነበበውን እንደ አዲስ ያነባል፤ እያነበበ ሳለ የድሮው አባቴ ነው። ሌላ ምን ቀርቶን ነበር?

እናቴና እኔ ለምርመራ ሆስፒታል ይዘነው በሄድንበት ሳምንት፣ ድሮ አግብቶ የወጣው ታላቅ ወንድሜ ቤቱን ቀለም ሊቀባልን መጣ። ካኪ የለበሰውን ክምር ሲያይ የልጅነት ደብተሮቻችን መሰሉት። አንዱን እንኳ ሳይገልጥ ለቁራሌው ሰጠው። ይህን ሰምቼ ገበያ ሮጬ ስደርስ፣ ከቁራሌው የገዙት ሚስማር ሻጮች ገጾቹን እየቀደዱ ሚስማር ይጠቀልሉባቸዋል። ወንድሜን ብረግመው ደስ ባለኝ፤ ግን ምን ያድርግ፣ ለደግ ብሎ ነው።

አባቴ ተመልሶ ባዶውን መደርደሪያ ዳበሰ። ደጋግሞ ዳበሰ።

የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እናቴ አጠገቡ ተቀመጠችና "ልንገርህ?" አለችው። "አንዲት ሴትዮ ምድር ቤት ተከራየች..." ስትፈራው የኖረችውን ታሪክ ቃል በቃል ይዛዋለች፤ የእሱን ድምፅ አጣጣል ሳይቀር። ፊቱ በራ። ልጅ ሆኖ ወደ እሷ ተጠጋ።

"ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ስሟን ጠራት። ከዚያ በሩ ሲጢጥ አለ..."

"ከዚያስ?" አላት።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ሰምታ አታውቅም።

አሁን እሷንም አያውቃትም። በአጠገቡ ስታልፍ ግን እጇን ይይዝና "ከዚያስ?" ይላታል።