የእማሆይ ገብስና የገደል እርግቦች

እናንተ አደን ሲባል ነብርና ጎሽ ብቻ ይመስላችኋል። እኔ ሦስት ነብር ገድያለሁ፤ አንዱም እስከ ሞት አፋፍ አላደረሰኝም። እዚያ ያደረሰኝ እርግብ ነው። ሳቁ፤ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ደብር ወዲህ ካለው ገደል አፍ ላይ። ነሐሴ ነበር፣ የፍልሰታ ጾም። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንደሩን ቀኑን ሙሉ ይሸፍነዋል። ገብሱ ገና እሸት አልያዘም፤ ሰውም ወፍም የሚራብበት ወቅት ነው። እማሆይ ሙሉ የሚባሉ ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ጓሯቸው ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እፍኝ ገብስ ለድንቢጦች ይበትናሉ። ከየት አምጥተው? በቀን አንዴ ከሚቀምሷት ቆሎ ቀንሰው። በዚያ ክረምት የገደል እርግብ እንደ ደመና እየወረደ ያን ጠረገው። እርሳቸው ደግሞ «ለትንንሾቹ አልደረሰም» እያሉ ከራሳቸው ይጨምራሉ። ጾሙ ሳይጋመስ ልብሳቸው ብቻውን የሚሄድ መሰለ።

ውጅግራ ጠመንጃዬን ይዤ ሄድሁ። በር ላይ ቆሙብኝ።

«ያንን ብረት መልስ!»

«እማሆይ፣ በረሃብ ሊሞቱ ነው እኮ!»

«ብሞትስ? መንፈስ ቅዱስ በአምሳሏ የወረደባትን ወፍ በደጄ ልትገድል?»

«እንግዲያ አይበትኑ።»

«ድንቢጦቹ ምን በደሉህ?»

ከመነኩሴ ጋር ተከራክሮ የረታ አላየሁም። ስለዚህ እርግቦቹ የሚያድሩበትን የገደል ዋሻ በድንጋይና በእሾኽ ልደፍነው ቆረጥሁ። የሚስቴ ወንድም ጥሩነህ ገመዱን ከላይ ሊይዝልኝ መጣ። ገመዳችን አህያ የምንጭንበት የቆዳ መጫኛ ነበር። ደረቅ ሲሆን በሬ ይጎትታል፤ ሲረጥብ ግን እንደ ሊጥ ይሳባል። ይህን የማያውቅ ጫኝ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ጉሙ ሲያርሰው እያየሁ ወገቤ ላይ ቋጠርሁት።

«ብትወድቅ እህቴን ምን እላታለሁ?» አለ ጥሩነህ፣ ጫፉን ወይራ ግንድ ላይ እየጠመጠመ።

«ነብር በላው በላት።»

ስምንት ክንድ ያህል ወርጄ ዋሻው አፍ ደረስሁ። ድንጋዩን ላስገባ እጄን ስዘረጋ ያ ሁሉ እርግብ በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ፈነዳ። ክንፉ ዓይኔን መታኝ፤ እግሬ ከተደገፈበት ተነሣ። ድንጋዩ ከእጄ አመለጠ፤ ሲያርፍ አልሰማሁትም። መጫኛው ተሳበ፣ አሁንም ተሳበ፤ ቋጠሮው ከወገቤ ሾልኮ ብብቴ ሥር ደረሰ። በሁለት እጄ ገመዱን ስይዝ መዳፌን ገፈፈው።

«ጥሩነህ! ጎትት!»

«ቆይ! ጭቃው አዳለጠኝ!»

ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ከአፍንጫዬ ፊት አለቱ ላይ ጠባብ ስንጥቅ ነበረች። አንዲት ድንቢጥ መጥታ ሾልካ ገባች። ተከትሏት እርግብ መጣ፤ አንገቱን አስገባ፣ ደረቱ እንቢ አለው፣ ተንደፋድፎ ሄደ። ሞቴን ስጠብቅ ያየሁት ይህንን ነው።

ጥሩነህ እግሩን ከወይራው አስደግፎ አወጣኝ። ትንፋሼ ሲመለስ ቤቴ ገብቼ፣ ሚስቴ ከጭልፊት ለመከላከል ጫጩት የምትደፋበትን የሐረግ ቅርጫት አመጣሁ። እማሆይ ገብሱን በተኑ፤ ቅርጫቱን ደፋሁበት፣ ላዩን በድንጋይ ተጫንሁት። ድንቢጦቹ በሐረጉ መካከል እየሾለኩ ገቡ። እርግቦቹ እንደ ተሻረ ጭቃ ሹም ዙሪያውን ሲንጎራደዱ ውለው ሄዱ።

«ፎክር እንጂ፣ ነብር ገዳዩ!» አለ ጥሩነህ። «በጫጩት ቅርጫት ማረክህ!» ይኸው እስከ ዛሬ በየድግሱ ይለዋል።

በሦስተኛው ቀን እማሆይ ቆሏቸውን ቁጭ ብለው ሲቆረጥሙ አየሁ፤ ለወፎቹ ከራሳቸው አንድም ፍሬ አልጨመሩም።

ፊደል የቆጠርሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ብዕር ስይዝ መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ ይቆነጥጠኛል፤ እኔም የእማሆይ የቆጥኝ ቁጥቋጦ አጥር ትዝ ይለኛል። ድንቢጦቹ በዚያ አጥር ቀዳዳ ሲሾልኩ፣ እርግቦቹ ግን በላይ ዞረው ሲገቡ፣ ያን ክረምት ሁሉ፣ ጠመንጃ ይዤ በራቸው የቆምሁ ዕለት ጭምር፣ አይቻለሁ፤ ልብ ያልሁት ግን ገደል ላይ ተንጠልጥዬ ነው።