ሁለቱ የሚለያዩበት ነጥብ

ነሲባ ሉቅማን መለማመጃ ፈተናው ላይ ያንን ዓይነት ጥያቄ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሳተችው። ሌላው ሌላው እየገባት መጥቷል፤ ክርክሩ የቱ ጋ እንደሚያነክስ ታያለች፣ ተናጋሪው ሳይናገር የዘለለውንም ትይዛለች። ሁለት ሰዎች ተከራክረው «የሚለያዩበት ነጥብ የቱ ነው?» የሚል ሲመጣ ግን እጇ ሄዶ የተሳሳተው ላይ ያርፋል።

ዕድሜዋ አርባ ሁለት ነው። ውጭ አገር፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚባል ከተማ ባለ ሆስፒታል በሽተኛ መዝጋቢ ሆና አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰዎች ያላነበቡትን ወረቀት ሲፈርሙ አይታለች። አንድ ቀን «ቆይ፣ አትፈርም» ማለት ትፈልጋለች፤ ያንን ለማለት ደግሞ ጠበቃ መሆን አለባት። የማታ ክፍል ያለው የሕግ ትምህርት ቤት በመግቢያ ፈተናው ከ180 157 ካመጣች ስኮላርሺፕ ይሰጣታል፤ ያለ ስኮላርሺፕ ነገሩ አይታሰብም። ለዘንድሮ የሚያገለግለው የመጨረሻው ፈተና ቅዳሜ ነው። እሷ በመለማመጃው 152 ላይ ቆማለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። በሠላሳ አምስት ደቂቃ ሃያ አምስት ጥያቄ ነው፤ ያፈሰሰች መልቀሚያ ጊዜ የላትም።

ባሏ መንሱር ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። አንድ ዓመት ሙሉ «በርቺ» ብሏታል፣ እራት ሠርቶላታል፣ ልጆቹን ይዞላት ወጥቷል። ከ«በርቺ» ቀጥሎ ግን ሁልጊዜ «ለከርሞ ቢሆንስ?» የምትል ቃል አለችው። ነሲባ ይህችን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋታለች።

ማክሰኞ በምሳ ዕረፍቷ ራኬብ ጋ ደወለች። ራኬብ፣ ዶራቪል ከተማ ባለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ በትርፍ ጊዜ አብራት ሥራ የተለማመደች ጓደኛዋ ናት፤ ፈተናውን ከሦስት ዓመት በፊት አልፋ አሁን ሕግ ትማራለች።

«አንብቢልኝ» አለች ራኬብ።

ነሲባ አነበበች። አንደኛው ሰው መንገዱ ስለተጨናነቀ ከተማው ድልድይ ይሥራ ይላል። ሁለተኛው፣ መንገዱ መጨናነቁ እውነት ነው፣ ድልድይ ግን አይፈታውም፣ አዲስ መንገድ አዲስ መኪና ይጠራል ይላል።

«ኦኬ፣ የቱን ፒክ አደረግሽ?»

«መንገዱ ተጨናንቋል የሚለውን።»

«ነሲባ፣ እሱ ላይ እኮ ሁለቱም ይስማማሉ።»

«አዎ፣ ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩት።»

ራኬብ ሳቀች። ነሲባ ግን አልሳቀችም፤ በሽታዋን ያኔ አገኘችው።

አባቷ ሼህ ሉቅማን ወረባቦ ውስጥ አባጋር ናቸው፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን ዛፍ ሥር አስቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው የሚያስታርቁ ሽማግሌ። ነሲባ በልጅነቷ ከጎናቸው ተቀምጣ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚስማሙበትን ፈልግ። በሬው የማን ነው ከማለትህ በፊት በሬው ጠፍቷል ወይ ብለህ ጠይቅ፤ ሁለቱም «አዎ» ካሉ ዕርቁ ተጀመረ። በዚህ ሙያ ስንት ቤት ከመፍረስ ድኗል። ፈተናውን ያወጡት ሰዎች ግን እንድታስታርቅላቸው አልለመኗትም። እሷ ወረቀት ላይ ያሉ፣ ስም እንኳን የሌላቸውን ሰዎች ስታስታርቅ ዓመት ፈጀች።

«እያንዳንዱን ምርጫ ሁለቱንም ጠይቂያቸው» አለቻት ራኬብ። «አንዱ አዎ፣ ሌላው አይደለም ካለ እሱ ነው። ሁለቱም አዎ ካሉ ስኪፕ አድርጊው።»

ቀላል ይመስላል። ለአባጋር ልጅ ግን ጠብን ፈልጎ ማግኘት፣ ካገኙም በኋላ እንዳለ ትቶት መሄድ፣ ነውር የመሥራት ያህል ነው። ረቡዕ ሃያ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ሠራች፤ ስምንት ሳተች። ሐሙስ ሠላሳ ሠራች፤ አራት ሳተች። የሥራ ባልደረቦቿ ምሳ ሲበሉ እሷ ጥግ ይዛ «አንተ አዎ፣ አንቺ አይደለም» እያለች ታጉረመርም ነበር። ዓርብ ሙሉውን ፕራክቲስ ቴስት ወሰደች፤ 157 መጣ። ለማንም አልተናገረችም፤ አንድ ቀን የመጣ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት መንሱር ከሚኖሩበት ከታከር ይዟት ወጣ። ፈተናው የሚሰጥበት ሕንፃ ፊት ፓርክ አደረገና ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀመጠ።

«በርቺ» አላት። «ዛሬ ባይሆንም ለከርሞ አለ።»

ነሲባ የመኪናውን በር ይዛ ቆየች።

«መንሱር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛሬ ታመጪዋለሽ ትላለህ? አዎ ወይ አይደለም በለኝ።»

«ኢንሻአላህ ታመጪያለሽ።»

«ኢንሻአላህ እኔም እላለሁ። እሱ የምንስማማበት ነው። አንተ ምን ይመስልሃል?»

መንሱር መሪውን አየ። መዋሸት የማይችል ሰው ነው፤ ያገባችውም ለዚያ ነው።

«አይመስለኝም» አለ። «ማታ ማታ ስትለፊ አያለሁ። ወድቀሽ እንዳትሰበሪብኝ ፈርቼ ነው።»

ፈተናው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ከገዛ ባል አፍ ይህን መስማት ያማል። የማስታረቂያው ቃልም ከምላሷ ጫፍ ደረሰ፤ «ለእኔው አስበህ ነው፣ ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የምንፈልገው» ልትል ነበር። እውነትም ነበር። ብትለው መንሱር ይቀለዋል፣ እሷ ግን «ለከርሞ»ን ተሸክማ ትገባለች።

ዋጠችው።

«እኔ ይመስለኛል» አለችው በቀስታ። «የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።»

መታወቂያዋን ይዛ ወረደች፤ በሩን ዘግታ፣ ልዩነቱን ሳታስታርቀው ገባች።