ያልተጣሉበት እሁድ

አጎቴ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ጊዜ ከአሰብ ሲመለስ ትልቅ ቴፕ ይዞልኝ መጣና «ብቻሽን ስለምትኖሪ ያጫውትሽ» አለኝ። ብቻዬን የኖርኩበት የመጨረሻ ቀን ያ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሸማኔዎች በሞሉበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስቀጠቅጥ እውላለሁ። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ መቅረት አይቻልም። ለኔ የምትተርፈኝ እሁድ ከሰዓት ብቻ ነበረች። እሷኑ ደግሞ ጎረቤቶቼ ወሰዱብኝ።

ነገሩ የጀመረው ሁላችንም የምንወዳት ዘፋኝ አዲስ ካሴት ያወጣች ጊዜ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራ ዛሬም ሙግት ይነሳብኛል። ካሴቱን ከአዲሱ ገበያ ገዝቼ እየሮጥኩ ገባሁ፣ በሬን ዘጋሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ በሬ ተንኳኳ። ሸማኔው ጎረቤቴ ነው። «እሷ ናት አይደል?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ ገብቶ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ተማሪዋ ተከተለች፤ ዊንጌት አጠገብ የማታ ትምህርት የምትማር፣ አፏ ለአፍታ የማያርፍ ልጅ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየእሁዱ ሆነ።

መምጣታቸውስ ባልከፋ። ጭቅጭቃቸው ነበር ልቤን የሚያወልቀው። ሸማኔው ዘፈን የሚመዝነው በእግሩ ነው። እንጨቱን እየረገጠ ሲሠራ የሚሄድለት ዘፈን ጥሩ ነው፣ የማይሄድለት መጥፎ ነው፣ በቃ። «ይሄ ለጋቢ ይሆናል፣ ለጥበብ ግን አይሆንም፤ ያቻኩላል። ባለፈው በሱ ስሠራ ጥለቱ ተዛብቶብኝ ፈታሁት» ይላል። ተማሪዋ ትነሳበታለች። «ዘፈን ለጆሮ ነው እንጂ ለሽመና ነው እንዴ የተዘፈነው? ግጥሙን ስማው እስቲ።» «ግጥሙን አንቺ ስሚ፤ እኔ መሸመኛ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ግጥም አልበላም።» «መልሺው፣ መልሺውና ይስማ» ትለኛለች። እመልሳለሁ። «አይ፣ የፊቱን መልሺ» ይላል እሱ። እሱንም እመልሳለሁ። መመለስ ሲበዛ ቴፑ ክሩን ይጎትተውና ይቆማል። እነሱ እየተሰዳደቡ እኔ እስክሪብቶ ካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ከትቼ ክሩን ሳጠነጥን የእሁድ ከሰዓቴ ያልቃል። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ ነበሩ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሦስተኛዋ አድማጭ እማማ ነበሩ። ከኔ ቀጥሎ ባለችው ክፍል የሚኖሩ፣ ጥጥ እየፈተሉ ለግቢው ሸማኔዎች የሚያቀርቡ፣ ደም ግፊት ያለባቸው ባልቴት ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ወደ ውስጥ ገብተው አያውቁም። ባዘቷቸውን በሙዳይ ይዘው በሬ ደፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እንዝርቱን ያሽከረክራሉ፤ ይሰማሉ። ጭቅጭቁ ሲጦፍ «እናንተ ስትጣሉ እኮ ዘፈኑ አለቀ» ይሉና ይስቃሉ። ውሃ ቀድታ እንግዳ ስለምትጠብቅ ሴት የተዘፈነው ዘፈን ሲመጣ ግን ፈትሉን ያቆማሉ። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ዘምቷል። ሴቷ ልጃቸው አርባ ምንጭ አግብታ ትኖራለች። ሌላ ወገን የላቸውም።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስገባ ሸማኔው የግቢው በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ወደ መንገዱ መልሶ አወጣኝና የእማማ ልጅ መሞቱን ነገረኝ። አብሮት የዘመተ ልጅ ቆስሎ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብቶ ነበር፤ ሸማኔው ሊጠይቀው ሄዶ ነው ከአፉ የሰማው። ቁስለኛው በገዛ እጁ ነው የቀበረው፤ ጥርጥር የለውም። የእማማን ልጅ አውቀዋለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ቦርሳዬን ሲያይ «ባለሥልጣን መጣች» እያለ የሚያሾፍብኝ ልጅ ነበር።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ የእድሩ ዳኛ ቤት ተጠራን። ዳኛው ቆፍጣና ሽማግሌ ናቸው፤ አንዴ ከተናገሩ ነገር አይመለስም። «ለእናት መርዶ ወገን አጠገቧ ሳይኖር አይነገርም» አሉ። «በዚያ ላይ ደም ግፊት አለባት። ዛሬ ብንነግራት በምን እንይዛታለን? ልጇ ትምጣ። እናትሽ ታማለች ተብሎ ሰው ይላክባት። እሷ እስክትደርስ የሚቀጥለው ሳምንት ያልፋል፤ ከዚያ ሰኞ ንጋት ላይ ሁላችንም ሄደን እናረዳታለን።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ፤ ትክክል መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ፣ እሁድ ቴፕሽን እንደወትሮሽ ክፈቺ። ግቢው ጭር ካለ ትጠረጥራለች። እናንተም ሂዱና አዳምጡ» አሉ፣ ሸማኔውንና ተማሪዋን እያዩ።

ደሜ ፈላ። እኚህ ሰውዬ ከወር በፊት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥተው የኔ ቴፕ ግቢውን ዳንኪራ ቤት አደረገው ብለው የከሰሱኝ ናቸው። ያኔ ዝጊ፣ አሁን ደግሞ ልጅ በሞተባት እናት ጆሮ ሥር ክፈቺ። «ጋሼ፣ እኔ አልችልም» አልኳቸው። «ትችያለሽ። ለሷ ስትይ ትችያለሽ» አሉና ተነሡ።

እሁድ ደረሰ። ከፈትኩት። ሸማኔውና ተማሪዋ መጡ፤ እማማም ሙዳያቸውን ይዘው ደፉ ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደወትሮው ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ፤ ማንም አልተናገረም። ሁለተኛው አለቀ፤ ማንም አልተናገረም። ሸማኔው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስብከት የሚሰማ መስሏል። ያ ያቻኩላል እያለ ጆሮዬን የበላበት ዘፈን መጣ። አሁን ይነሳል ብዬ ስጠብቅ «ጥሩ ዘፈን ነው» አለ ቀስ ብሎ። ተማሪዋ ደግሞ «ልክ ነህ» አለችው። ልክ ነህ! ያቺ ልጅ ለሱ ልክ ነህ ብላው የምታውቅበት ቀን የለም። ሁለቱንም ባጮላቸው ደስ ባለኝ።

ዓይኔን አፈጠጥኩባቸው፤ አቀረቀሩ። እንግዲያው እኔው ጠብ ላንሳ ብዬ «የዚህ ካሴት ሁለተኛው ገጽ ግን ከንቱ ነው፣ አንድም የሚረባ ዘፈን የለውም» አልኩ። በሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ ይፈርስ ነበር። ሸማኔው «እንዳልሽ» አለ። በቃ፣ እንዳልሽ።

የእማማ እንዝርት ቆመ። «ዛሬ ምን ሆናችሁ?» አሉ።

«እ... ማለቴ፣ ደክሞን ነው እማማ» አለ ሸማኔው፣ እሳቸውን ሳያይ።

አንድ አፍታ አዩት። የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ አዩ። የእንግዳ ጠባቂዋ ዘፈን ሲጀምር ተማሪዋ «ወጥ ጥጄ ረሳሁት» ብላ እየተደናበረች ወጣች። እማማ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ባዘቷቸውን ሰበሰቡ፤ «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ሸማኔውን በሩን ዘግቼ ያዝኩት። «ስንት ጊዜ ዝም በል እያልኩህ ስትለፈልፍ ከርመህ፣ ተናገር በተባልክበት ቀን ምላስህ የት ገባ?» አልኩት። «እንዴት አድርጌ?» አለኝ። «ልጇ በሞተባት እናት ፊት ይሄ ለጥበብ አይሆንም፣ ያ ለጋቢ ይሆናል ብዬ ልከራከር? ነውር አይደለም?» ንዴቴ ግን አልበረደም። ሲወጣ «ደግነቱ ምንም አልጠረጠሩም» አለ። እኔም ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት።

ሳምንቱ እንደዚያው ሄደ። እማማ ይፈትላሉ፣ እኛ ሰላም እንላለን። ዳኛው ማታ ማታ ቴፕ ክፈቺ እያሉ ሰው ይልኩብኛል፤ እከፍታለሁ። ያንን ካሴት ጠላሁት። ዘፋኟንም ጠላኋት፤ ምን አደረገችኝ?

ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እማማ መጡ። ሸማኔው ሸማውን ሊሸጥ ሽሮ ሜዳ ወጥቷል፣ ተማሪዋም የለችም። ሙዳዩን አልያዙም። ደፉን አልፈው ገቡና አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። «ያንን ካሴት ክፈቺልኝ ልጄ። ከመጀመሪያው። ሁለቱንም ገጽ» አሉኝ።

ከፈትኩት። ሁለት ዘፈን ያህል ሰሙ። ከዚያ ቴፑን እያዩ «መቼ ነው የሚመጡት?» አሉ።

«ማን እማማ?»

«ተይ ልጄ። አንቺ እንኳ ተይ።»

መዋሸት ነበረብኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የተለማመድኩት እሱን አልነበረም? ግን አቃተኝ። «ሰኞ ንጋት ላይ ነው» አልኳቸው። «ልጅዎ ነገ ማታ ትገባለች።»

«ደግ። ብቻዬን አይደለሁማ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ባለፈው እሁድ ማንም አልተጣላም» አሉ። «እነዚያ ልጆች የሚስማሙት በምን ቀን ነው? አንዳቸው እንኳ ዓይኔን አላዩም። ሌላ ምን ይሆናል ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ፤ ሌላ ነገር አጣሁ።»

እጃቸውን ያዝኩ። የመጀመሪያው ገጽ አለቀና ቴፑ ጠቅ ብሎ ቆመ። «ገልብጪው» አሉኝ። ገለበጥኩት።

«ይሄንን ካሴት እሱ አልሰማውም» አሉ። «ከሄደ በኋላ ነው የወጣው። መጀመሪያ ዘፋኟን ያስወደደኝ እሱ ነው፤ እየሸመነ የሷን ሲዘፍን። ሲመጣ የቱ ዘፈን የት ጋ እንዳለ እነግረዋለሁ እያልኩ ነበር በርሽ ላይ የምቀመጠው። ከሰኞ በኋላ ለኔ ዘፈን የለም። ዛሬ ልስማለት።»

እስከ መጨረሻው ሰማነው። እሳቸው አላለቀሱም፤ እኔ ግን አለቀስኩ፤ ማፈርም አልቻልኩም። ሲነሡ ትከሻዬን ተደግፈው ቆሙና «እንዳወቅኩ ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ። «ዳኛውም፣ ያ ምስኪን ሸማኔም፣ ሁሉም ለኔ ብለው ለፍተዋል። ቢያውቁ ያፍራሉ።» ቃል ገባሁላቸው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ግቢው በሰው ሞላ። ሴቷ ልጃቸው በሁለት ሴቶች ተይዛ ከፊት ነበረች። ዳኛው በሩን አንኳኩ። እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ፤ ተኝተው እንዳልነበር የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ዳኛው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ የእማማ ጩኸት ግቢውን ሞላው፤ ልጃቸው ላይ ወደቁ፤ ደረታቸውን ሲደቁ እጃቸውን ለመያዝ ጉልበት ያለው ወንድ አስፈለገ። የማስመሰል አልነበረም። ያን ያህል ቀን ውስጣቸው ያቆዩት ነበር የወጣው።

ድንኳን ሲተከል ዳኛው ከሸማኔው ጋር ወደኔ መጡ። ደክሟቸዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ግን ደስ የማለት ያህል ቀልሏቸዋል። «አየሽ ልጄ፣ ምንም ሳትጠረጥር ለዛሬ አደረስናት» አሉኝ። «የቴፕሽ ነገር ጠቀመን። እግዜር ይስጥሽ።» ሸማኔውም «እኔ እኮ ያን እሁድ አበላሸሁት ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አለና ተነፈሰ።

ንዴት አናቴ ላይ ወጣ። ሴትዮዋ ልጃቸው መሞቱን እያወቁ፣ የሚያቅፋቸው ሰው ሳይኖር፣ እኛ እንዳናፍር ብለው ሳምንቱን ሙሉ ጥጥ ሲፈትሉ ሰነበቱ፤ እኛ ደግሞ ማታ ማታ ግድግዳቸው ሥር ዘፈን እንከፍትባቸው ነበር ብዬ ልጮህባቸው አፌ ድረስ መጣ። ግን ቃል ገብቻለሁ። «አሜን ጋሼ» አልኩና ውሃ ልቀዳ ሄድኩ።