በአክስቴ ልጅ ስም የገባ አቤቱታ

በአክስቴ ልጅ መቅናት የጀመርኩት ገና ወሎ ሳለን ነው። እሷ ከሰው ቶሎ ትላመዳለች፤ የኔ ፊት በቀላሉ አይፈታም። ሳዑዲ ስንገባም ያው ሆነ። እኔ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጠርኩ፤ እሷ መካ፣ ዓዚዚያ ውስጥ ሐጃጆች የሚያርፉበት ሕንፃ ላይ ጽዳት ሆነች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ በእጇ፣ ስልኳ በስሟ። የኔን ሲም ካርድ እንኳ አሠሪዬ ማዳም ናት በራሷ ስም ያወጣችው።

እናቴ ለዑምራ ስትመጣ ግን ቅናቴ ባሰበት። ሰባት ዓመት ያላየኋት እናቴ ከአገር ሰዎች ጋር መጥታ ያረፈችው የት ነው? ዓዚዚያ፣ የአክስቴ ልጅ ከምትሠራበት ሁለት ሕንፃ አልፎ። እኔን ማዳም በሳምንት የምታወጣኝ ዐርብን ብቻ ነው። እስከ ዐርብ በየቀኑ ስደውል እናቴ የምታወራኝ ስለ እሷ ሆነ። ከሥራ ስትወጣ መጥታ እግሬን አሸችኝ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ካዕባን ጠዋፍ አዞረችኝ፣ ሾርባ ይዛልኝ መጣች። "እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?" ትለኛለች። አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ስልኩን ግን ቶሎ እዘጋለሁ።

ዐርብ ጠዋት ጅዳ፣ አል-ባላድ አጠገብ ያለው ፌርማታ ላይ፣ ቀድሜ በስልክ የቆረጥኩትን ትኬትና ለእናቴ የገዛሁትን የጉልበት ቅባት ይዤ ቆምኩ። የመካው አውቶቡስ በሰዓቱ መጣ። እጄን አነሳሁ። ሹፌሩ አየኝ፤ ዐይን ለዐይን ተያይተናል። ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈኝ። የሚቀጥለው ሙሉ ነው ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ የጁምዓ ሶላት ሆነና መንገዱ ተጨናነቀ። እነ እናቴ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ መዲና እንደሚነሡ አውቃለሁ። ደወልኩ። የእናቴን ስልክ ያነሳችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ እናቴን ወደ ካዕባው መስጊድ፣ ወደ ሐረም፣ ለስንብት ጠዋፍ እየወሰደቻት ነበር። ስልኩን ሰጠቻት።

"እማ፣ አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ።"

"አውቶቡስ?" አለች። "ወደ አላህ ቤት የሚሄድ አውቶቡስ ሰው ቆሞ እያየ ጥሎ ይሄዳል? በዚህ አገር? ተይ ልጄ። ሥራ ከያዘሽ ሥራ ያዘኝ በይኝ። እዚህ ቦታ ላይ ግን አትዋሺ።"

ለእናቴ የሳዑዲ መሬት በሙሉ መስጊድ ነው፤ የአውቶቡሱ ሹፌርም ኢማም መስሏታል። ብምል ብገዘት አልሰማችኝም። አመሻሽ ላይ በሌላ አውቶቡስ ዓዚዚያ ስደርስ ሄደዋል፤ ያደሩበት ክፍል እየተጠረገ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መቆሜን የሚመሰክርልኝ ወረቀት። እናቴ መንግሥት የጻፈውን ታምናለች። ለአውቶቡሱ ድርጅት በስልኬ አቤቱታ ልሞላ ብሞክር፣ የኢቃማ ቁጥሬና የስልኩ ባለቤት አይገጥሙም ብሎ መለሰኝ። ስልኩ የማዳም ነዋ። ማዳምን ብለምናት "ኸላስ፣ አለፈ" እንደምትለኝ አውቃለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ሄጄ የአክስቴን ልጅ ለመንኩ።

"በኔ ስም እናስገባዋ" አለች፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር። የቆምኩበትን ሰዓት፣ ፌርማታውንና የትኬቱን ቁጥር ላክሁላት።

ድርጅቱ መልስ ሰጠ። አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ቆሟል፣ የሚሳፈር ሰው ግን አልነበረም ይላል። ዐርብ እሷ ዘንድ ስሄድ የአክስቴ ልጅ ይህን አንብባልኝ ቀና ብላ ስታየኝ፣ እሷም ልትጠረጥረኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እሷ ግን "ያላ! ከነሱ በላይ ተቆጣጣሪ አለ። ድርጅቱ በሰጠው መልስ ያልረካ ሰው ወደዚያ ነው የሚሄደው" አለችና እዚያው አጠገቤ ደወለች።

እዚህ ላይ የተሰማኝን አልደብቅም። አቤቱታው በስሟ ስለሆነ "እኔ" እያለች ነው የምታወራው። እኔ ቆሜ ነበር፤ እጄን አንሥቼ ነበር፤ ዐይን ዐይኔን እያየ አለፈኝ፤ እናቴን ካየሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ድምጿ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። በወዲያ በኩል ያለችው ሴት "ያ ኡኽቲ"፣ እህቴ እያለች ስታጽናናት ይሰማኛል። እናቴን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ በደሌን ወሰደች ብዬ ስልኩን ልነጥቃት ምንም አልቀረኝም። ነጥቄስ ምን ልል? የኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ እሺ፣ አመጣለሁ፣ ጨርሻለሁ።

ተቆጣጣሪው የድርጅቱን ቃል ብቻ ሰምቶ አልተወውም። አውቶቡሱ የት የት እንደቆመ የሚያሳየውን መዝገብ አስመጥቶ አየ። መልሱ ሲመጣ፣ አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ፌርማታውን ሳይቆም ማለፉ ተረጋግጧል፣ ድርጅቱ ስሕተቱን እንዲያርም ታዟል፣ ለደረሰብሽ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን ይል ነበር። ከላይ የተጻፈው ስም የአክስቴ ልጅ ነው። ይቅርታ የተጠየቀችውም እሷ ናት።

በሚቀጥለው ዐርብ ዓዚዚያ ክፍሏ ቁጭ ብለን፣ አገሯ ለገባችው እናቴ ደወልን። የአክስቴ ልጅ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት። የራሷ ስም ያለበት ቦታ ስትደርስ፣ ሳትደናቀፍ የኔን ስም ጠራች። ያንን ስሰማ አፈርኩ። አፍሬም አልቀረሁም፣ ደግነቱም የእሷ ሆነ ብዬ እንደገና ቀናሁባት።

"ለካ ቆመሽ ነበር" አለች እናቴ።

"ቆሜ ነበር፣ እማ።"

"አፉ በይኝ ልጄ። እኔ እኮ ያን ዕለት ካዕባ ፊት ሆኜ፣ ያ ረብ፣ የልጄን ውሸት ማርልኝ እያልኩ ሳለቅስ ዋልኩ። ላንች የምለምነው ስንት ነገር ነበረኝ፤ ውሸትሽ አስደንግጦኝ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት።"

"ለእሷስ?" አልኩ። አጠገቤ መቀመጧን ረስቼ አልነበረም።

"ለእሷማ ያልለመንኩት የለም። ባል ብል፣ ልጅ ብል፣ የራሷ ቤት ብል፣ ዕድሜ ብል።"

የአክስቴ ልጅ አንገቷን ደፋች።

"ላንችም ከዚሁ እለምንልሻለሁ" አለች እናቴ። "አላህ ከየትም ይሰማል።"

"አሚን" አልኩ። እኔ ግን የፈለግኩት እዚያ፣ ካዕባ ፊት የሚለመነውን ነበር።