ሐረገወይንና የባሏ ማኅበሮች

ሐረገወይን አዘዞ ገበያው ዳር ሹሩባ ትሠራለች። ይህ ሥራ ላልወለደች ሴት አይመከርም። ጭንቅላቷን አሳልፋ የሰጠች ደንበኛ ምላሷ ሥራ ፈት ስለሚሆን፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሠሪዋ ላይ ያርፋል። አንዷ ገደል ሥር ያለ ጸበል ትጠቁማለች። አንዷ ወደ ጭልጋ በኩል ሥር ምሶ የሚሰጥ ሰው ታውቃለች። ሌላዋ የእህትሽን ልጅ አምጥተሽ አሳድጊ ትላለች። አዲስ አበባ በብርጭቆ ማስፀነስ ተጀምሯል የምትልም አለች፤ ብርጭቆው የሻይ ይሁን የውኃ ሳትለይ በዝርዝር ታስረዳለች። ሐረገወይን ሁሉንም አመስግና ትሰማለች፤ ምክሩ የከፋ እንደሆነ ብቻ ጉንጉኑን ጠበቅ ታደርገዋለች። አዘዞ ውስጥ ቅንድቧ ወደ ላይ ተወጥሮ የምትሄድ ሴት ካያችሁ፣ ምን እንደመከረች ገምቱ።

ጸበሉን ተጠምቃለች፤ ሥሩንም ጠጥታ ሳምንት ሙሉ ተኝታለች። ባሏ ሙሉሰው የብረት በር በያጅ ነው፤ ሰካራም አይደለም፣ ተሳዳቢ አይደለም፣ እጁንም አጣጥፎ አልተቀመጠም። ልጅ ሲዘገይ ሚካኤልን ተሳለና ማኅበር ገባ። አሁንም ሲዘገይ ማርያምን አከለ፤ ከዚያ ገብርኤልን፣ ተክለ ሃይማኖትን፣ መድኃኔ ዓለምን። ሰውየው ጠንቃቃ ነውና የእያንዳንዱን ዋዜማም ዕለቱንም ከሚስቱ ተለይቶ፣ ሳሎን መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፎ ያድራል። ረቡዕና ዓርብ ድሮም የቁርበት ነበሩ። ቅዳሜ ማታ ለእሑድ ቅዳሴ ሲባል ቁርበት ነው። አጽዋማቱ ሲገቡማ ቁርበቱ ጭራሽ አይጠቀለልም።

እንዲህ እያለ፣ ልጅ እንዲለምንለት አንድ ቅዱስ በጨመረ ቁጥር ከአልጋው ሌሊት እየቀነሰ ሄደ። ሰፈሩ ይህን ያላወቀው አይመለከተኝም ብሎ ሳይሆን ቤቱ መጋረጃ ስላለው ነው። ሐረገወይን ግን ታውቃለች። በምን አፏ ትናገረው? ባሌ ጸሎት አበዛብኝ ተብሎ ለማን ይከሰሳል?

ነገሩ የከረረው የሙሉሰው ታላቅ እህት ወለተሩፋኤል መስከረም ላይ ከዳባት የወረደች ዕለት ነው። ሐረገወይን ያቀረበችላትን ዶሮ እየበላች፣ ለወንድሟ ሌላ ሚስት እንዳየችለት፣ የልጅቱ እናትም መንታ መንታ እንደምትወልድ፣ ስለ በግ ዘር እንደሚያወራ ሰው አስረዳች። እስከ ጥምቀት ሐረገወይን ካልጸነሰች የታጨችው ትመጣለች አለች። ሙሉሰው አቀርቅሮ ዝም አለ። ሐረገወይንን ከባሏ እህት ንግግር ይልቅ ያ ዝምታ አስደነገጣት።

በማግሥቱ ሥራዋን ዘግታ ባሏን እዚያው ከተማ ፒያሳ ካለ ክሊኒክ ወሰደችው። ናሙና ስጥ ሲባል ዛሬ ዓርብ ነው ብሎ ስላስቸገረ ሰኞ ተመለሱ። ውጤቱ ሲደርስ ዶክተር ኤሌኒ ከሁለቱም የጎደለ ነገር እንዳላገኘች ነገረቻቸው። እንቁላል የሚያግዝ መድኃኒት እንዳለ፣ አልሆነ እንደሆነም አዲስ አበባ ሄዶ በላብራቶሪ መፀነስ እንደሚቻል ዘረዘረች። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀች።

«አብራችሁ የምትሆኑት በየስንት ጊዜው ነው?»

ሙሉሰው ጣራውን አየ። «እንደ ሳምንቱ ነው» አለ።

«ባለፈው ሳምንትስ?»

«ባለፈው ሳምንት ገብርኤልና ማርያም ነበሩ።»

«ከዚያ በፊት?»

«ሚካኤል።»

ሐረገወይን ነጠላዋን አስተካከለች። «ዶክተር፣ ይኸ ሰው የሚያድረው ከቁርበቱ ጋር ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ ከቅዱሳኑ የተረፈው ነው፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ናቸው።»

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ መሳቢያዋ ውስጥ የሆነ ነገር ስትፈልግ ቆየች። ቀና ስትል፣ ሴት የምትፀንስባቸው ቀኖች በየወሩ ጥቂት መሆናቸውን፣ ለሐረገወይንም መቼ መቼ እንደሚውሉ አስረዳች። መድኃኒትም አዲስ አበባም ሳይታሰብ መጀመሪያ ይኸ ይሞከር አለች።

የሚመጡት ቀኖች የሚካኤል ዋዜማ ላይ ዋሉ። ሙሉሰው በዚህስ የንስሐ አባቴ ይፍረዱ ብሎ ሐረገወይንን አስከትሎ አባ ፊልጶስ ዘንድ ሄደ፤ እንደሚከለክሉት እርግጠኛ ስለነበር አካሄዱ የአሸናፊ ነበር። አባ የማኅበሮቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ልጄ፣ ቅዱሳኑን ልጅ አምጡልኝ ትላለህ» አሉት፤ «በሩን ደግሞ አንተው በይደህ ዘግተኸዋል። በየት ይግቡ?»

አጽዋማቱን እንዲጠብቅ፣ ሌላው ግን እሳቸው ያላዘዙት ቀኖና መሆኑን ነገሩት። የዋዜማው ዕለት ሙሉሰው ቁርበቱን ሊያነጥፍ አነሣው፤ ትንሽ ይዞት ቆመና ጠቅልሎ ከበሩ ኋላ አስደገፈው።

በጥምቀት ወለተሩፋኤል ከች አለች። ገና ሳትቀመጥ የሐረገወይንን ሆድ በዐይኗ ለካች፤ ሽርጡ ሰፊ ስለነበር ልኩ አልወጣላትም። ስለዚህ ወደ ወንድሟ ዞራ ልጅቱ ተዘጋጅታለች አለችው። ሐረገወይን ባሏን አየችው። እንደለመደው አቀረቀረ። ቀጥሎ ግን ቀና አለ።

«እቴ፣ ሚስት አለችኝ» አላት። «ልጅቱ አትጠብቀኝ።»

ወለተሩፋኤል ተነሣች። ሐረገወይን ከበሩ ኋላ ያለውን ቁርበት አንሥታ አሸከመቻት።

«እትዬ፣ ዳባት ብርድ ነው፤ ይዘሽው ሂጂ። እዚህ የሚተኛበት የለም።»

ሰፈሩ አሁን ሙሉሰው እምነቱ ላላ ይላል። የሐረገወይን ደንበኞች ደግሞ ሽርጧን አሻግረው ለማየት እየሞከሩ፣ ሹሩባዋ እንደ ድሮው አይጠብቅም፣ በሳምንቱ ይፈታል እያሉ ያማሉ።